የስቶንሄንጅ ክፍት ሌሊት፦ በዓሉን ለማክበር ለሚሄድ ሰው ምን ያህል ይመቻል?

በአንድ አጥር የምንዋሰነው የሎንዶን ጎረቤቴ የ71 ዓመት ሴት ናቸው። ሃይማኖታቸውን የጠየቃቸው ሰው ካለ «ፓጋን ነኝ፤ ከድሩይዶች ወገን» ብለው በግልጽ ይመልሳሉ፤ ፓጋን ተፈጥሮንና የወቅቶችን ዑደት የሚያከብር እምነት ተከታይ ነው፣ ድሩይድ ደግሞ የጥንቶቹ የኬልት ካህናት ስም ሲሆን ዛሬ የዚህ እምነት አንዱ ወገን ይጠራበታል። እኔ በፋሲካ ድፎ ዳቦ እልክላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ቀኑ ከዓመቱ ሁሉ በሚረዝምበት ዕለት ከጓሯቸው የቆረጡትን አበባ በሬ ላይ ያስቀምጡልኛል። ጉልበታቸውን ከታከሙ ወዲህ ይህን ቀን ወደሚያከብሩበት ወደ ስቶንሄንጅ፣ ወደ ጥንታዊው የእንግሊዝ ትክል ድንጋይ፣ ብቻቸውን መሄድ ስላልቻሉ፣ ባለፈው ሰኔ «አብረኸኝ ብትሄድ» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም እሺ አልኳቸው። የተዋሕዶ ልጅ ነኝና የሄድኩት ለማምለክ ሳይሆን ምርኩዝ ልሆናቸው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከጎናቸው ስቆም ግን ቦታውን፣ ሰዉንና አገልግሎቱን ሁሉ በእሳቸው ዐይን ማየት ጀመርኩ፤ ይህን ግምገማ የምጽፈውም በዓሉን ከልቡ ለማክበር የሚሄድ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ለማስረዳት ነው። ፎቶ አንስቶ መመለስ ለሚፈልግ ሰው የሚሆን ምክር በየቦታው ሞልቷል።

አስቀድሜ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። ፓጋን የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ ስንመልስ «አረማዊ» ወይም «አሕዛብ» ማለት ይቀናናል፤ እነዚህ ቃላት ግን በእኛ አፍ ከመነሻቸው ወቀሳ ያዘሉ ናቸው። ጎረቤቴን በወቀሳ ቃል መጥራት አልፈልግምና ራሳቸው የሚጠሩበትን ስም እንዳለ ወስጃለሁ። በ2021 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የእንግሊዝና የዌልስ የሕዝብ ቆጠራ 74 ሺህ ያህል ሰዎች ሃይማኖታቸውን ፓጋን፣ 13 ሺህ ያህል ደግሞ ዊካ (ሌላው የፓጋን እምነት ዘርፍ) ብለው አስመዝግበዋል። እምነቱ ዛሬ በያዘው መልክ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ልጅ ነው፦ ዊካን በ1950ዎቹ ለሕዝብ ያስተዋወቀው ጄራልድ ጋርድነር ሲሆን፣ ዛሬ በሰፊው ከሚታወቁት የድሩይድ ማኅበራት አንዱን ሮስ ኒኮልስ በ1964 መሥርቷል። አብዛኞቹ በዓመት ስምንት በዓላት ያከብራሉ፤ የሰኔውን አንዳንዶቹ ሊታ፣ ድሩይዶቹ ደግሞ አልባን ሄፊን ይሉታል።

በዓሉ የሚውልበት ዕለት ሶልስቲስ ይባላል፤ ስሙም በላቲን «ፀሐይ መቆም» የሚል ትርጉም ካለው ቃል የመጣ ነው፤ ፀሐይ በየዕለቱ መውጫዋን ወደ ሰሜን ስታራምድ ቆይታ በዚህ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ባለችበት የቆመች ትመስላለች፣ ከዚያም ትመለሳለች። አገር ቤት ላደግን ሰዎች ይህ ቀን ምንም አይደለም። በአዲስ አበባ የዓመቱ ረጅም ቀን ከ12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ ከአጭሩ ቀን ጋር ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ሰኔ 14 ደግሞ ለእኛ ክረምት የሚገባበት፣ ሰማዩ የሚጠቁርበት ወቅት ነው። በስቶንሄንጅ ግን በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን ስምንት ሰዓት እንኳ አይሞላም፣ በሰኔ ከ16 ሰዓት ተኩል ይበልጣል። የእኛ የሰዓት አቆጣጠር የተሠራው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ በምትወጣበት አገር ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ቆሜ ሰዓቴን በልማዴ ሳነብ ፀሐይ የወጣችው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ላይ ነበር። ገና «ሌሊት» በምንለው ሰዓት ጎህ ቀድዶ ፀሐይ ስትወጣ ማየት፣ ሰሜኖቹ ለምን ይህን ቀን በዓል እንዳደረጉት ያለ ማብራሪያ ያስረዳል።

አሁን ወደ አገልግሎቱ ልግባ። ስቶንሄንጅ በዊልትሻየር፣ ከሶልዝበሪ ከተማ በስተሰሜን በሚገኘው ሰፊ ሜዳ ላይ ያለ ትክል ድንጋይ ነው፤ ትያን ያየ ኢትዮጵያዊ ድንጋይ ተክሎ ማለፍ ለምን ሰውን እንደሚያስጨንቅ ለመረዳት አይቸገርም። በዘወትሩ ቀን ጎብኚ ትኬት ገዝቶ፣ ከገመዱ ወዲህ ቆሞ፣ ድንጋዮቹን ከሩቅ እያየ ዞሮ ይሄዳል። በሶልስቲስ ሌሊት ግን ቦታውን የሚያስተዳድረው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ገመዱን አንሥቶ በሩን ይከፍታል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ድረስ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ገብቶ በድንጋዮቹ መካከል ሊያድር ይችላል። የሚከፈለው ለመኪና ማቆሚያ ነው። አልኮል፣ የብርጭቆና የጠርሙስ ዕቃ፣ እሳት፣ ድንኳን፣ በድንጋዮቹ ላይ መውጣትና በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ማሰማት የተከለከለ ነው። ከሶልዝበሪ ባቡር ጣቢያ የሚነሡ አውቶቡሶች ሕዝቡን ያመላልሳሉ፤ ለአካል ጉዳተኞችም አስቀድሞ የሚያዝ የተለየ ማቆሚያ አለ። ይህን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር እኔ ቀደም ብዬ ባነበው ኖሮ ይህ ግምገማ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ነጻ መሆኑ ከየት እንደመጣ ማወቅም ለዋጋው ግምት ይረዳል፤ ይህ መብት በቀላሉ የተገኘ አይደለምና። ድንጋዮቹን በ1915 በጨረታ በ6,600 ፓውንድ የገዛው ሴሲል ቸብ ከሦስት ዓመት በኋላ ለአገሩ አበርክቷል። ከ1974 እስከ 1984 በየሰኔው ብዙ ሺህ ወጣቶች በነጻ የሙዚቃ በዓል ይሰበሰቡበት ነበር፤ በ1985 ግን ባለሥልጣናቱ በዓሉን ከለከሉ፣ ሰኔ 1 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ፖሊስ ወደ ቦታው ይጓዙ የነበሩትን ተሽከርካሪዎች በአንድ የባቄላ ማሳ ውስጥ አግዶ ከ500 በላይ ሰዎች አሰረ። ያ ቀን እስከ ዛሬ «የባቄላው ማሳ ውጊያ» ተብሎ ይጠራል። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት በሶልስቲስ ዙሪያ ወደ ድንጋዮቹ መቅረብ የተከለከለ ሆነ፤ ለጸሎት የሚመጡት ሰዎች ሳይቀሩ ከአጥር ውጭ ቆመው ፀሐይዋን ይቀበሉ ነበር። ጎረቤቴ ከእነዚያ አንዷ ነበሩ። በ1999 በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት፣ በስቶንሄንጅ አጠገብ በመንገድ ዳር ተሰብስበው ስለተከሰሱ ሁለት ሰዎች በሰጠው ውሳኔ፣ መንገድ ሳይዘጋ በሰላም የሚደረግ ስብሰባ በራሱ ጥፋት አይደለም አለ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2000፣ በሩ ተከፈተ። ጎረቤቴ ይህን ሲተርኩልኝ የከለከሏቸውን ሰዎች በክፉ አላነሡም፤ በመጀመሪያው ክፍት ሌሊት ዝናብ እንደነበረ፣ እሳቸው ግን ድንጋዩን በእጃቸው ነክተው እንዳለቀሱ ብቻ ነገሩኝ።

ስሕተቱ የእኔ ነው። በራሳችን ከመሄድ ይልቅ፣ ለሚያማቸው ጉልበት ይሻላል ብዬ ከሎንዶን አድርሶ የሚመልስ የአንድ አስጎብኚ ድርጅት አውቶቡስ ላይ ለሁለታችን ቦታ ያዝኩ። ማስታወቂያው «ሙሉውን የሶልስቲስ ሥርዓት» የሚል ተስፋ ይሰጥ ነበር። አውቶቡሱ ከምሽቱ 4 ሰዓት መነሣት ሲገባው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ተነሣ፤ የጉልበት ሕመም እንዳለባቸው በጽሑፍ ባስታውቅም የተሰጠን ቦታ ከኋላ፣ እግር በማይዘረጋበት ረድፍ ነበር። ይህ ሁሉ ይታለፋል እንበል። ለማለፍ የሚከብደው በመንገድ ላይ የተሰጠው ማብራሪያ ነው። አስጎብኚው በማይክሮፎን፣ ድንጋዮቹን የተከሉት ድሩይዶች እንደሆኑና ሰው ይሠዉባቸው እንደነበር እንደተረጋገጠ ታሪክ አወራ፤ ከዚያም ዛሬ ነጭ ልብስ ለብሰው የምናያቸው ሰዎች «ለትርኢቱ ድምቀት» እንደሚመጡ ተናገረ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ነጭ ልብሳቸውን በቦርሳቸው አጣጥፈው ይዘው ነበር።

እውነቱ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ክብ ቦይ የተቆፈረው ከዛሬ 5 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ በአማካይ 25 ቶን የሚመዝኑት ትላልቆቹ ድንጋዮች የቆሙት ከ500 ዓመት ያህል በኋላ ነው። ትንንሾቹ ሰማያዊ ድንጋዮች ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ከሚገኙት የዌልስ ኮረብቶች የመጡ ናቸው፤ በመካከል የተጋደመው «የመሠዊያ ድንጋይ» የሚባለው ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ እንደመጣ በ2024 ይፋ ሆኗል። ስለ ድሩይዶች የሚናገሩት የሮማውያን ጽሑፎች ከዚያ ሁሉ ሥራ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ዘግይተው የተጻፉ ናቸው። ድንጋዮቹን ከድሩይዶች ጋር ያገናኘው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጆን ኦብሪ፣ ቀጥሎም ዊልያም ስቱክሊ ነው፤ ዘመናዊ ድሩይዶች በዚያ ታላቅ ሥርዓት ማካሄዳቸው የሚታወቀውም በ1905 ነው። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ እምነታቸው አዲስ መሆኑን ለመደበቅ አንድም ጊዜ ሲሞክሩ አልሰማሁም። «ድንጋዩን አባቶቼ ተከሉት አልልም፤ ፀሐይዋ ግን ያችው ናት» አሉኝ በጨለማው አውቶቡስ ውስጥ። ለዚህ ዓይነት ሰው ማይክሮፎን ይዞ ያንን ማውራት የአገልግሎት ጉድለት ብቻ አይደለም።

ስንደርስ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። ከማቆሚያው እስከ ድንጋዮቹ ግማሽ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ነው፤ እኛ በምርኩዝና በእረፍት አርባ አምስት ደቂቃ ፈጀብን። መንገዱ ላይ መብራት እምብዛም ስለሌለ የእጅ ባትሪ ግድ ነው። መግቢያው ላይ ያለው ፍተሻ ጥብቅ ቢሆንም በአክብሮት የሚደረግ ነው። ጎረቤቴ በሥርዓታቸው ለምድር የሚያፈስሱት የማር መጠጥ ድሮ እነሱ ሚድ የሚሉት፣ ከእኛ ጠጅ ጋር ወንድማማች የሆነ መጠጥ ነበር፤ አልኮል ስለማይገባ ምን እንደሚያደርጉ ሲያስቡ እኔ ብርዝ አዘጋጀሁላቸው። ማሩን ለብ ባለ ውኃ በጥብጬ፣ አጥልዬ፣ ጠርሙስ እንደማይፈቀድ ስለማውቅ በፕላስቲክ ዕቃ ቀዳሁት። ፈታሿ ወጣት ክዳኑን ከፍታ አሸተተች፣ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ «ማርና ውኃ» ስላት ለጎረቤቴ ፈገግ ብላ «መልካም ሶልስቲስ» አለችና አሳለፈችን። ከዚያ ሌሊት ከሁሉ አስቀድሜ የማስታውሰው ይህችን ልጅ ነው።

በድንጋዮቹ መካከል ያለው ሕዝብ ከሚገመተው በላይ ነው፤ በ2025 የተገኘው ሰው 25 ሺህ ያህል ነበር። ከበሮ፣ ዋሽንትና ጡሩንባ ሌሊቱን ሙሉ አይቋረጥም። ዐሥራ ዘጠኝና ሃያ ዓመት የሆናቸው ልጆች ይጨፍራሉ፣ የአበባ አክሊል የደፉ እናቶች ሕፃን ታቅፈው ይዞራሉ፣ አንዳንዱ ድንጋዩን ተደግፎ ያንቀላፋል። እውነት ለመናገር በክቡ ውስጥ ለጸሎት የሚሆን ጸጥታ አይገኝም። እንደደረስን ወደ ክቡ መሃል ለመግባት የሞከሩት ጎረቤቴ ሁለት ጊዜ በትከሻ ተገፍተው ተመለሱ፤ የገፏቸውም ክፉ ሰዎች ሳይሆኑ ስልካቸውን ከፍ አድርገው የያዙ፣ ፊታቸውን የማያዩ ሰዎች ነበሩ። ሰሜን ምሥራቅ በኩል ከክቡ ውጭ፣ ሂል ስቶን ወደሚባለው ብቸኛ ድንጋይ የሚወስደው ሣር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ሰዉ ይሳሳል፣ ከበሮው ይርቃል። ጋቢዬን አጥፌ ሣሩ ላይ አነጠፍኩላቸው፤ እሳቸው ተቀመጡ፣ እኔ ቆሜ አደርኩ። ማኅሌት የቆመ ሰው እግሩ ሌሊቱን ይችለዋል።

ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል በኋላ ሰማዩ ግራጫ ሆነ፤ ነጭ የለበሱት ድሩይዶች በሂል ስቶን ዙሪያ ክብ ሠሩ። ጎረቤቴም ልብሳቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ደርበው ገቡ፤ ማንም የማኅበሩ አባል መሆናቸውን አልጠየቃቸውም። ሥርዓቱ የሚጀምረው ወደ አራቱ ማዕዘናት በየተራ እየዞሩ ለእያንዳንዱ ሰላምን በመመኘት ነው፤ ለሰሜን ሰላም፣ ለደቡብ ሰላም፣ ለምዕራብ ሰላም፣ ለምሥራቅ ሰላም። ከዚያ ሰዉ ሁሉ እጅ ለእጅ ይያያዛል። ከአድማሱ በላይ መጀመሪያ የታየው እንደ ጥፍር የቀጠነ ቀይ ጠርዝ ነበር። ከክቡ መሃል ሆኖ ለሚመለከት ፀሐይዋ ከሂል ስቶን በትንሹ ወደ ግራ ስትወጣ ትታያለች፤ እኛ ከነበርንበት አንግሉ ቢለይም ብርሃኑ በጤዛው ላይ እየሮጠ መጥቶ ነጩን ልብስ ሲያቀላው አየሁ። ከኋላችን ሃያ ሺህ ጉሮሮ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ጎረቤቴ ግን አልጮኹም፤ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ምሥራቅ ዘርግተው፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። የእናቴን ጸሎት አስታወሰኝ፤ ከዚህ በላይ ማነጻጸር አልፈልግም።

ቀጥሎ የሚመጣው የሥርዓቱ ክፍል ማሩን ለምድር ማፍሰስና ስጦታውን መካፈል ነው። አስጎብኚው ድርጅት ግን አውቶቡሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ላይ ጥሎን እንደሚሄድ አስቀድሞ አስታውቆ ነበር፤ ፀሐይ ከወጣች 23 ደቂቃ በኋላ ማለት ነው፣ መንገዱ ብቻ ለጤነኛ ሰው ግማሽ ሰዓት ሲፈጅ። ስልክ ደውዬ የአርባ ደቂቃ ጭማሪ ለመንኩ፤ «ፀሐይዋን አይታችኋል አይደል?» የሚል መልስ አገኘሁ። የብርዙን ዕቃ እንደታሸገ ይዘን፣ ጎረቤቴ በየሃያ እርምጃው እያረፉ፣ ሲዘምሩ ከነበሩት ሰዎች ተለይተን ሄድን። አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩ። አውቶቡሱ በመጨረሻ ሌሎች ተሳፋሪዎችን ሲጠብቅ እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ቆመ። ቅሬታዬን በጽሑፍ ባቀርብም የደረሰኝ ምስጋና ያዘለ አውቶማቲክ መልእክት ብቻ ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ሁለት ነው። ለክፍት ሌሊቱ ከ5 ኮከብ 4 እሰጣለሁ፤ ለዚህን ያህል ሕዝብ ያለ ክፍያ የሚሰናዳ፣ ፍተሻውም አስተናጋጆቹም ሰውን የሚያከብሩ፣ መብቱም በመከራ የተገኘ ነውና። አንዷን ኮከብ ያስቀረሁት በክቡ ውስጥ ለጸሎት የሚሆን ጸጥታ ስለማይገኝ ነው፤ ይህም የሕዝቡ ብዛት ያመጣው እንጂ በአዘጋጆቹ ስንፍና አይደለም። ለአስጎብኚው አውቶቡስ 1 ኮከብ እሰጣለሁ፤ እሱንም ሹፌሩ በጥንቃቄ ስለነዳ። በዓሉን ለማክበር የሚሄድ ሰው በባቡር እስከ ሶልዝበሪ፣ ከዚያም በአመላላሹ አውቶቡስ ቢሄድ ጊዜው በእጁ ይሆናል። አቅመ ደካማ ይዞ የሚሄድ ደግሞ የአካል ጉዳተኞችን ማቆሚያ ሳምንታት ቀድሞ ያስይዝ። ቀኑ የቱንም ያህል ሞቃት ቢሆን የሜዳው ሌሊት ይበርዳል፤ ካፖርትና ወፍራም ካልሲ፣ ትኩስ ሻይ በብረት ፔርሙዝ መያዝ ያስፈልጋል። ጸጥታ የሚሻ ሰው መሃል ለመግባት ከመጋፋት ይልቅ በሂል ስቶን በኩል ቀደም ብሎ ቦታ ይያዝ። የታኅሣሡ ሶልስቲስ ከዚህ እጅግ ያነሰ ሰው የሚገኝበት እንደሆነ ጎረቤቴ ይናገራሉ፤ የድንጋዮቹ መስመርም በታኅሣሡ አጭር ቀን ወደ ፀሐይ መጥለቂያ የሚያመለክት ስለሆነ፣ ብዙ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች የጥንቶቹ ሰዎች ዋና በዓል የታኅሣሡ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

በዚያው ዕለት ቤታችን ደርሰን እንቅልፍ ከወሰድን በኋላ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ጠሩኝ። ነጩን ልብሳቸውን እንደገና ለብሰው ነበር። በጓሯቸው ካለው የፖም ዛፍ ሥር ቆመው የብርዙን ክዳን ከፈቱና ግማሹን ቀስ አድርገው ለሥሩ አፈሰሱ፤ የቀረውን በሁለት ሲኒ ቀዱት። ጾመ ሐዋርያት ላይ ብሆንም ማር አይከለከልምና ተቀብዬ ጠጣሁ።